ቀላል እንጨት ለማገዶ ያዋጣል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ ማገዶ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ባሕር ዛፍ ነው?" ብሎ ነው። አዎ ከተባለ የዋጋ ክርክሩ ይጀመራል። እንደ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪሊያ፣ ብሳና ወይም ኮርች ያለ ክብደቱ ቀላል እንጨት ከሆነ ግን ብዙው ሰው ትቶት ይሄዳል። "ፍም አይዝም፣ ወዲያው አመድ ይሆናል" ነው ምክንያቱ። እውነት አለው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ማገዶ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ መብራት ጠፋ ሲባል ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ተከድኖ ሁሉም ወደ ጉልቻ በሚመለስበት ከተማ፣ በርካሽ የሚገኝን እንጨት በስሙ ብቻ መናቅ ኪስ ይጎዳል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቀላል እንጨት ያዋጣል። ግን ደረቅ መሆን አለበት፣ ዋጋው ክብደቱን ያገናዘበ መሆን አለበት፣ ሥራውም ፍም ሳይሆን ነበልባል የሚፈልግ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ባሕር ዛፋችሁን ግዙ።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ክፍል አትዝለሉት፣ የቀረው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

1 ኪሎ ደረቅ ወይራና 1 ኪሎ ደረቅ የፈረንጅ ጥድ የሚሰጡት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ውሃው ጨርሶ የወጣለት እንጨት፣ ዓይነቱ ምንም ቢሆን፣ በኪሎ ከ18 እስከ 20 ሜጋጁል አካባቢ ሙቀት ይሰጣል። እንደውም ሙጫ ያለው ጥድ በኪሎ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ልዩነቱ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ድፍን የፈረንጅ ጥድ ሲደርቅ 450 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባሕር ዛፍ እንደ ዓይነቱ ከ700 እስከ 850 ኪሎ ይደርሳል። ወይራ ወደ 1,000 ይጠጋል። ኮርች ደግሞ ከጥዱም በጣም ይቀላል፣ ሲደርቅ ትልቁን ግንድ ልጅ ያነሳዋል።

ስለዚህ "ባሕር ዛፍ ይሻላል" ስንል በአንድ እቅፍ ውስጥ ብዙ እንጨት ታጭቋል ማለታችን ነው። ቀላሉ እንጨት ያው ሙቀት አለው፣ ሰፊ ቦታ ይዞ ነው እንጂ። ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

እውነተኛው ጠላት ውሃ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንጨት ስትማግዱ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት። እያንዳንዱን 1 ኪሎ ውሃ ለማትነን ወደ 150 ግራም የሚጠጋ ደረቅ እንጨት ሙቀት ይሄዳል። ያ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ከዚያ የባሰው ውሃው እሳቱን ማቀዝቀዙ ነው፤ እሳቱ ሲቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይቃጠል ጢስ ሆኖ ይወጣል፣ ያ ጢስ ደግሞ የከፈላችሁበት ማገዶ ነው፣ ዓይናችሁን እየላጠና ጣራችሁን ጥቀርሻ እያለበሰ የሚሄደው። ደረቅ ጥድ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ይሻላል። በየትኛውም ቀን።

እንጨቱን ለዩ

ወደ መግዛት ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው የት እንደሚመደብ እወቁ።

የፈረንጅ ጥድ በየግቢው አጥር ስለሆነ ሲከረከም በብዛት ይገኛል። ሙጫ አለው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ይንቦገቦጋል። ግን ይፈነጥራል፣ ድስትም ያጠቁራል። ልጆች ምድጃው አጠገብ የሚቀመጡ ከሆነ ተጠንቀቁ።

ግራቪሊያ በኔ እይታ ያለ ስሙ የተናቀ ነው። ከጥድ ጠንከር ይላል፣ ቀጥ ብሎ ይፈለጣል፣ ሲደርቅ ንጹሕ እሳት አለው። በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ አትለፉት። ብሳናም መካከለኛ ነው፣ ሲነድ የሚከረፋ ሽታ ስላለው ግን ቤት ውስጥ ብቻውን ባትማግዱት ይሻላል። ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ኮምቦልቻ ውስጥ መንገድ ዳር ሲቆረጥ ይገኛል፣ ደህና ነው። ሳሊግናም እንደዚሁ፤ ለተፋሰስ ሥራ የተተከለው ሲታረም በየገጠሩ ይሸጣል።

ሾላና ዋርካ ወተታቸው ብዙ ነው። ትኩሱን መግዛት ውሃ መግዛት ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ የሚቀረው ቀላል ነገር ነው። በነጻ ካልተገኘ አልመክርም። ኮርችም ያው ነው፣ ለማያያዣ ብቻ።

ዋንዛን ለማገዶ መግዛት ነውር ነው ብዬ ነው የማምነው፤ የቤት ዕቃ እንጨት ነው። ከአናጺ ቤት የሚወጣው ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ግን ደረቅ ስለሆነ ምርጥ ማያያዣ ነው። ወይራና የአበሻ ጥድን ለማገዶ መግዛትም እንደዚሁ ነውር ነው። ወይራ የሚያስፈልገን ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ስንጥር ይበቃል። ኮምቦልቻ አጠገብ የጎፍ ደን ላይ ያሉት ጥድና ወይራ ለማደግ ዘመናት የፈጀባቸው ናቸው። ያንን ለአንድ ምሳ ወጥ ከማንደድ የተከረከመ አጥር ማንደድ ስንት እጥፍ ይሻላል። እዚህ ላይ ቀላል እንጨት የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ምንጭ አለ። ፓሌት ነው። ፋብሪካውም ደረቅ ወደቡም እዚያው ስለሆነ አሮጌ ፓሌት ለገበያ ይወጣል። አብዛኛው ከቀላል እንጨት የተሠራ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በጣም ደረቅ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም እዩ። በእንግሊዝኛ ፊደል "ኤች ቲ" የሚል ካለበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፣ ይነዳል። "ኤም ቢ" የሚል ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትም አይሆንም። ምስማሩን ከአመዱ ውስጥ መልቀም ደግሞ አትርሱ፣ አመዱን ጓሮ የምትበትኑ ከሆነ እግር ይወጋል።

ዋጋውን እንዴት እንተምን?

እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

በሸክም ወይም በእስር ስትገዙ የምትከፍሉት ለመጠኑ ነው። ከላይ ያለውን ክብደት ካያችሁ፣ የቀላል እንጨት አንድ እስር ውስጥ ያለው ሙቀት ተመሳሳይ ስፋት ካለው የባሕር ዛፍ እስር 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ፣ የባሕር ዛፉ እስር 100 ብር ቢሆን ለጥዱ ከ60 ብር በላይ አትክፈሉ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ስሌቱ ግን አይቀየርም። ግማሽ ዋጋ ካገኛችሁ ያለ ጥርጥር ውሰዱ። ሰማንያ ከተባላችሁ ደግሞ ሻጩን አመስግናችሁ እለፉ።

በኪሎ የሚሸጥ ካገኛችሁ ነገሩ ይገለበጣል። በኪሎ ከሆነ ደረቅ ቀላል እንጨትና ደረቅ ባሕር ዛፍ እኩል ዋጋ ቢጠራባቸው እንኳ በሙቀት አልተበላችሁም። በኪሎ ስትገዙ የሚበላችሁ እርጥቡ ነው።

የአህያ ጭነት ላይ አንድ የዓይን ዘዴ አለ። አህያ የምትችለው ክብደት የተወሰነ ነው። ደረቅ ቀላል እንጨት የጫነች አህያ ጭነቷ ከባሕር ዛፉ ጭነት ሰፋ ብሎ መታየት አለበት። የጥድ ጭነት ሆኖ መጠኑ ትንሽ፣ አህያዋ ደግሞ ያቃሰተች ከሆነ እንጨቱ ውሃ ነው። ከኩታበርም ከቦሩ ሜዳም በኩል የሚመጣውን ቆም ብላችሁ እዩት፣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ሻጩን በአክብሮት ጠይቁ። "እናቴ፣ መቼ ነው የተቆረጠው?" በሉ፣ "ደረቅ ነው?" አትበሉ። ደረቅ ነው ወይ ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። መቼ ተቆረጠ ሲባል ግን ብዙዎቹ ሐቁን ይነግሯችኋል፣ ዋጋውም ላይ ለመነጋገር መንገድ ይከፍታል። ተሸክመው ያን ሁሉ ዳገት የወጡ እናቶች ላይ ግን በጥቂት ብር አትከራከሩ። ስሌቱ ዋጋ እንድታውቁ ነው፣ ሰው እንድትጎዱ አይደለም።

ድርቀቱን መፈተሽ

ሁለት ፍልጥ አንሱና አጋጩ። ደረቁ ጥርት ያለ "ቃ" የሚል ድምፅ አለው። እርጥቡ ደብ ይላል። ከዚያ ጫፉን እዩ፣ ከመሃል ወደ ውጭ የተሰነጠቀ ከሆነ መድረቅ ጀምሯል። ልጡ በጥፍር በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ልጡን ልጣችሁ ከሥሩ አረንጓዴ ወይም የሚያዳልጥ ነገር ካያችሁ ገና ነው። ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ከመሃል የተፈለጠ አንድ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉ። የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃ አለው።

ትክክለኛውን ቁጥር የሚፈልግ ሰው ሚዛን ይጠቀም። አንድ ፍልጥ መዝኑና በምልክት ለዩት። ፀሐይ ላይ አኑሩት። በየሳምንቱ መዝኑት፣ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ። 1 ኪሎ የነበረው 600 ግራም ላይ ከቆመ፣ ስትገዙት ቢያንስ 400 ግራሙ ውሃ ነበር ማለት ነው። ቢያንስ ያልኩት ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጨትም ጥቂት ውሃ ስለሚቀርበት ነው፣ ያ ችግር የለውም። ይህን አንዴ ከሠራችሁ ከዚያ ሻጭ ስትገዙ ስንት መቀነስ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ፈልጡ፣ ከምሩ፣ ወሩን ጠብቁ

ቀላል እንጨት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ቶሎ ይደርቃል። በበጋ ተፈልጦ የተከመረ ጥድ ወይም ግራቪሊያ በሁለት ወይም በሦስት ወር ለምድጃ ይደርሳል። ወፍራም ባሕር ዛፍ ግን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ባሕር ዛፍን ሳይደርቅ መፍለጥ ይቀላል፣ ከደረቀ በኋላ ምሳሩን ይመልሳል። ጥዱን መቼም ብትፈልጡት እሺ ይላል።

የፍልጡ ውፍረት ላይ ሰው የሚያስተውለው አይመስለኝም። ባሕር ዛፍን ቀጠን አድርጉ፣ እንዲያያዝ። ቀላሉን እንጨት ደግሞ ማያያዣ ካልሆነ በቀር ወፈር አድርጉ፣ የክንድ ያህል፣ ምክንያቱም ቀጭን ከሆነ እሳቱ በአንዴ ውጦት ይጨርሰዋልና። ቀላል እንጨት "አይቆይም" የሚባለው ግማሹ ጥፋት የአፈላለጡ ነው።

አከማመር፦ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ሁለት ድንጋይ ወይም ሁለት አሮጌ ቋሚ አጋድሙና ከላይ ደርድሩ። ቀላል እንጨት መሬት ከነካ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ምስጥ አለ፣ ጊዜ አይሰጥም። ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ይደረግበት። ጎኑን ግን አትሸፍኑ! ብዙ ግቢ ውስጥ የማየው ክምሩ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የሚያደርቀው ንፋስ ነው፤ ላስቲክ ውስጥ የታፈነ እንጨት ከራሱ በወጣው እርጥበት ይሻግታል።

ወሩ ደግሞ የኛ አገር ዝናብ ሁለት ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ዋናው የማድረቂያ ጊዜ ነው። በጥቅምት የገዛችሁት እርጥብ ቀላል እንጨት ለጥር ይደርሳል፣ እርጥብ በመሆኑም ዋጋው ላይ መከራከር ትችላላችሁ። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በልግ አለ። ክምሩ ከላይ ካልተከደነ የበጋው ድካም ገደል ገባ። ለክረምት የሚሆነውን በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ግዙ፣ ሰኔ ሳይገባ ጣራ ሥር አስገቡት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ላይ ጭጋግ የጦሳን ተራራ ውጦ ሲውል ምንም ነገር አይደርቅም። ያን ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው እርጥብ ነው፣ ዋጋውም የከፋ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ፀሐዩ ይረዳል፣ ከደሴ ቀደም ብሎ ይደርቅላችኋል።

ለየትኛው ሥራ?

እንጀራ። ቀላል እንጨት የተፈጠረው ለዚህ ይመስለኛል። ምጣድ የሚፈልገው ሰፊ፣ ፈጣን፣ እኩል የተበተነ ነበልባል ነው፤ ወፍራም ፍም መሃሉን ያሳርርና ዳሩን ጥሬ ያስቀራል። እናቶቻችን ለእንጀራ ጭራሮና ቅጠል የሚመርጡት በምክንያት ነው። ጥድ፣ ግራቪሊያ፣ የፓሌት ስንጥር እዚህ ላይ ከባሕር ዛፍ ግንድ ይበልጣሉ።

ሲሠራ እንዲህ ነው። ምጣዱን በማያያዣና በቀጭን ፍልጥ አግሉት። ምጣዱን አስሱ። ከዚያ በጋገራችሁ ቁጥር ከሁለትና ከሦስት ፍልጥ በላይ አትማግዱ፣ ጫፍ ለጫፍ ሳይሆን በክብ ዙሪያ፣ ከዳር ወደ መሃል። ሊጡ ሲፈስ ነበልባሉ ከፍ ይበል። አክንባሎው ሲከደን ዝቅ አድርጉት። ቀላል እንጨት ለዚህ ይታዘዛል፣ ስታወጡት ወዲያው ይበርዳል፣ ስታስገቡት ወዲያው ይነሳል። ክፍት ጉልቻ ላይ ከሆናችሁ ግን አብዛኛው ነበልባል በጎን ያመልጣል። ከሲሚንቶ የሚሠራው "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ ለእንጀራ ከጉልቻው አንጻር ግማሽ የሚጠጋ ማገዶ ይቆጥባል። ቀላል እንጨት ለመጠቀም ያሰበ ሰው መጀመሪያ ይህን ይግዛ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እንጨት ዓይነት የሚያስጨንቀው ነገር በጣም ይቀንሳል።

ቡናና ሻይ ማፍላት፣ ቁርስ ማሞቅ፣ ገላ መታጠቢያ ውሃ፦ ቀላል እንጨት ይበቃል።

ወጥ፣ ንፍሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ሌላ ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል። ለዚህ ነው ጥራጥሬ ደሴ ላይ የሚያስለፋው። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፣ እንፋሎት ብቻ ነው የምታበዙት። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለሰዓታት የሚቆይ ዝቅ ያለ ፍም ነው። ይህ የባሕር ዛፍ፣ የግራርና የክትክታ ሥራ ነው። ጥድ ለዚህ ብትጠቀሙ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላችሁ ስትማግዱ ትውላላችሁ። ባቄላውን ማታ መንከርና ድስቱን መክደን ግን ከየትኛውም እንጨት በላይ ማገዶ ይቆጥባል።

መሃለኛው መንገድ ማቀላቀል ነው። በጥድ አያይዙ፣ ድስቱን በጥድ አፍሉ፣ ልክ ሲፈላ ሁለት የባሕር ዛፍ ፍልጥ አስገቡና ተዉት። እንደዚህ የሚሠራ ቤት ዋናውን ውድ ማገዶ የሚጠቀመው በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ነው። ለድፎ ዳቦ ከላይና ከታች ፍም ስለሚፈለግ ግን ቀላሉን አትሞክሩት።

በጭራሽ የማይነድ

ቁልቋል ዋናው ነው። ደርቆ ብታገኙት እንኳ ወተቱ መርዛማ ነው፣ ጢሱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። በነጻ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ቀለም የተቀባ የበርና የመስኮት እንጨት፣ በኬሚካል የታከመ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ፣ ቺፑድና ሙጫ ያለበት ኮምፔንሳቶ እንዲሁ። ምግብ የምታበስሉበት እሳት ነው፣ ጢሱ ወደ እንጀራውም ወደ ልጆቹ ሳንባም ይገባል። የሻገተና የበሰበሰ እንጨትም ጢስ እንጂ ሙቀት የለውም።

ፍምን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የደሴ ብርድ ሲበረታ ፍሙን በምድጃ አድርጎ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ፍም፣ ከባሕር ዛፍም ሆነ ከጥድ፣ ከከሰልም ቢሆን፣ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጢስ ስለሌለው ሰው ደህና ነው ብሎ ይተኛል። መስኮት ተዘግቶ ከሆነ ላይነቃ ይችላል። ቤት ካሞቃችሁ በኋላ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት፣ አመድ አልብሳችሁ ጥግ ላይ መተው አይበቃም። ስታበስሉም በርና መስኮት ይከፈት፣ በተለይ ጥድ ስትማግዱ።

በክረምት ደግሞ የነገውን ማገዶ ዛሬ ከክምሩ አምጡና ምድጃው አጠገብ፣ ብልጭታ በማይደርስበት ርቀት አኑሩት። ጭጋግ የጠጣ እንጨት በአንድ ሌሊት የላዩን እርጥበት ይተፋል፣ ጠዋት ላይ ያለ ብዙ እፍታ ይያያዛል።